ክራንቻቸውን ከባሕር ዳር ትተው የጠለቁት ወይዘሮ ትርፌ ወልደየስ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የዕድራችን አባላት፣ ከአውሮራ፣ ከግሌንዴልና ከሊትልተን የመጣችሁ፣ ከሌላ ስቴትም በርራችሁ በዚህ የሐዘን ቀን ከጎናችን የቆማችሁ ወገኖች ሁሉ፤ የእህቴን የወይዘሮ ትርፌ ወልደየስን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ ኃላፊነቱን ለእኔ ለታናሽ ወንድማቸው ለእንዳልክ ሰጥቶኛል። ከማንበቤ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። ትናንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለን ከትልልቆቻችን አንዳንዶቹ፣ በቅን ልቦና እንደሆነ አውቃለሁ፣ የባሕሩ ጉዳይ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባይነሣ እንደሚሻል፣ በታቦት ፊት ስለ ሻርክና ስለ ዋና ማንበብ ለሟች ክብር እንደማይመጥን መክረውኛል። ምክራቸውን በአክብሮት ሰምቻለሁ፤ አልተቀበልኩትም። እህቴ በሕይወት ሳሉ ያልደበቁትን ነገር፣ ዛሬ ራሳቸው መናገር በማይችሉበት ቀን እኔ አልደብቅባቸውም።

ወይዘሮ ትርፌ በደብረ ዘይት ከተማ፣ በአየር ኃይል ጋራዥ መካኒክ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ኃይሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በየነ በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች ሳያድጉ ስለሞቱ ወላጆቻቸው ትርፌ ብለው ስም አወጡላቸው። ሦስተኛ ዓመታቸውን እንደያዙ ግን የልጅነት ልምሻ ያዛቸውና ሁለቱም እግሮቻቸው ሰለሉ። የሠፈሩ ሰው ሊያጽናና እየመጣ፣ ምስኪን ልጅ፣ እንዲህ ሆና ከምትኖር ባትተርፍ ይሻላት ነበር እስከማለት በደረሰበት ጊዜ፣ አባታችን ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ “የታመመው የልጄ እግር ነው፤ ልጄ ደህና ናት” ብለው እንግዳውን እስከ በር እንደሸኙት እናታችን ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት ሰምተናል። ከዚያም ጋራዡ ከጣለው የአሉሚኒየም ቧንቧ የመጀመሪያዎቹን ክራንቾች በገዛ እጃቸው ሠሩላቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ፎቅ ላይ ስለነበር፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ልጅቷን ማንገላታት እንዳይሆን ቤት ብትቆይ ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አባታችን ክፍሉ ወደ ምድር ቤት ቢወርድ ማንም እንደማይንገላታ መለሱላቸውና፣ እስኪወርድ ድረስ በየማለዳው ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ደረጃውን ሲወጡ፣ ማታም ከሥራ ወጥተው ሲያወርዱ ከረሙ። ዳይሬክተሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ክፍሉን አወረዱት። ወይዘሮ ትርፌም በዚያው ትምህርት ቤት ጀምረው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተማሩ።

ደብረ ዘይት የሐይቅ አገር እንደመሆኗ፣ በልጅነታችን ወደ ባቦጋያ ሐይቅ ልብስ ለማጠብ የሚወርዱትን የሠፈራችንን ሴቶች ተከትለን እንወርድ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን እህቴ ከዳር ተቀምጠው መመልከት ሰለቻቸውና ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ገቡ። ውሃው ደረታቸው ጋ ሲደርስ ክራንቾቹን ለቀቁ፤ ክራንቾቹም ተንሳፍፈው ወደ ዳር መጡ። እኔ ክራንቾቹን ይዤ ቀና ስል እህቴን ያለ ምንም ድጋፍ ቆመው አየኋቸው። ውሃው ነው የያዛቸው፤ ይሁን እንጂ ቆመዋል። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ ግን ሐይቁ በየዓመቱ ሰው እንደሚወስድ ያውቁ ነበርና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋና ብለው ውሃ እንዳይገቡ በሥላሴ ስም አስማሏቸው። መሐላው ለብዙ ዓመታት ተጠበቀ።

ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጥረው እስከ 1990 ዓ.ም. ሠሩ። በዚያው ዓመት ዲቪ ደርሷቸው ወደ ዴንቨር መጡ። ወዳጅ ዘመድ አካል ጉዳተኛ ሆና በበረዶ አገር ምን ትሠራለች እያለ ሲጨነቅላቸው፣ እሳቸው በመጡ በሁለተኛው ወር ዳውንታውን በሚገኝ የፓርኪንግ ጋራዥ ቡዝ ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ይቆርጡ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ በአንድ የታክሲ ድርጅት ሾፌሮችን በሬዲዮ የሚያሰማሩ ዲስፓቸር ሆኑ። እዚህ ካላችሁት ሾፌሮች መካከል በእነዚያ ዓመታት የሠራችሁ፣ ከኤርፖርቱ ሰልፍ ያወጣቻችሁን፣ በረዶ ሲጥል የትኛው መንገድ እንደተዘጋ የነገረቻችሁን ያቺን የሬዲዮ ድምፅ አትረሷትም። እኔንም ሆነ የአጎታችንን ልጆች ወደዚህ አገር ያመጡን ከዚያች ወንበር ላይ ሠርተው ነው።

ከሾፌሮቹ አንዱ አቶ ስለሺ መንገሻ ነበሩ። አቶ ስለሺ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን ሳያውቁ ከአንድ ዓመት በላይ በሬዲዮ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ ቢሮ ድረስ መጥተው ራሳቸውን አስተዋወቁ። ጋብቻው ሲታሰብ ከዘመዶቻቸው መካከል፣ በዚህ ሁሉ ሴት መሐል ምን አስቸገረህ ያሏቸው ነበሩ። አቶ ስለሺ የመለሱላቸው የሠርጉን ቀን በመቁረጥ ነው። በሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ሊደግፏቸው ሲቀርቡ ወይዘሮ ትርፌ ሁሉንም ገለል እንዲሉ ጠይቀው፣ ከመኪናው እስከ አዳራሹ መድረክ ድረስ በክራንቻቸው ብቻቸውን ሄዱ፤ መንገዱ ረዥም ነበር፤ ዘፈኑም ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ተጀመረ። በ1994 ዓ.ም. ልጃቸው ሄራን ተወለደች።

ዛሬ በዚህ አዳራሽ ምስኪን የሚለውን ቃል ከብዙ አፍ ሰምቻለሁ። እህቴ ይህን ቃል የሚቀበሉ ሰው እንዳልነበሩ የምታውቁ ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ መኪና እየጠበቁ ቆመው ሳለ፣ ከሌላ ከተማ የመጡ አንዲት እናት ክራንቻቸውን አይተው በእጃቸው ላይ ገንዘብ አስቀመጡላቸው። ወይዘሮ ትርፌ አልተቆጡም። “እናቴ፣ የምጽዋቱ ሣጥን ያለው ውስጥ ነው፤ ይምጡ አብረን እንክተተው” ብለው እኚያን እናት ክንዳቸውን ይዘው ወደ ውስጥ መለሷቸው። በዚያ ዕለት ማን ማንን ደግፎ እንደገባ ያየ ሁሉ ያስታውሳል።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት፣ ማለትም እዚህ በረዶ በሚጥልበት ወራት፣ ከቢሮ ሲወጡ ተንሸራትተው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አውሮራ በሚገኝ መዋኛ ገንዳ ውስጥ እንዲለማመዱ ታዘዘላቸው። ያን ገንዳ ጃኔት የምትባል አሠልጣኝም ትጠቀምበት ነበር፤ ሥራዋ እግር የሌላቸውን፣ አከርካሪያቸው የተጎዳውንና በዊልቸር የሚሄዱትን ሰዎች የአየር ጠርሙስ በጀርባቸው አዝለው ባሕር ውስጥ እንዲጠልቁ ማሠልጠን ነበር። ወይዘሮ ትርፌ እነዚህ ሰዎች በገንዳው ወለል ላይ ተኝተው አረፋ ሲለቁ ለሳምንታት አዩ። ከዚያም ጃኔትን ጠርተው ይህን ነገር ለመማር ዋና ማወቅ ግዴታ እንደሆነ ጠየቋት። ግዴታ እንደሆነ፣ እሷም ልታስተምራቸው እንደምትችል ነገረቻቸው። በዚያው ዕለት ማታ ለእናታችን ደብረ ዘይት ደውለው በልጅነት ያስገቧቸውን መሐላ እንዲፈቱላቸው ለመኑ። እናታችን መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ከሳምንት ልመና በኋላ የንስሐ አባታቸውን አማክረው ፈቱላቸው።

አቶ ስለሺ እምብዛም የሚቃወሙ ሰው አልነበሩም፤ በዚህ ጉዳይ ግን በረቱ። ልጅ እንዳላቸው፣ ዳሌያቸው ገና እንዳልጠነከረ፣ ራሳቸው አቶ ስለሺም ዋና እንደማያውቁና ችግር ቢፈጠር ሊያወጧቸው እንደማይችሉ አስረዱ። በመጨረሻም እኔ ባለሁበት፣ “ትርፌ፣ በየብስ ላይ የደረሰብሽ አይበቃሽም?” አሏቸው።

ወይዘሮ ትርፌ፣ “በየብስ የደረሰብኝን በየብስ ችዬዋለሁ። አሁን ፈቃድ አልጠየቅሁህም፤ በመኪና እንድታደርሰኝ ነው የጠየቅሁህ” ብለው መለሱ።

አቶ ስለሺ የመኪናውን ቁልፍ አነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት ወደ ገንዳው ያመላለሷቸው እሳቸው ናቸው፤ መልመጃው እስኪያልቅም ዳር ላይ ካለው የፕላስቲክ ወንበር አንድም ቀን ተነሥተው አያውቁም።

ወሬው በማኅበረሰባችን ሲሰማ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው ያሉ ነበሩ፤ ከዚያ ሁሉ ውሃ ይልቅ ጸበል ቢጠመቁ እንደሚሻል የመከሯቸውም ነበሩ። እህቴ ከልጅነታቸው ጀምረው ጸበል የተጠመቁ፣ የሚያምኑበትም ሴት ነበሩና ምክሩን አልናቁትም። የሰጡት መልስ ግን ይህ ነው፦ “ጸበል የምሄደው እንድድን ነው። ባሕር ስሄድ ግን ታምሜ አይደለም።”

ኮሎራዶ ባሕር ስለሌላት የዴንቨር ጠላቂዎች የመጀመሪያ ፈተናቸውን የሚወስዱት በኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ሮዛ በምትባል ትንሽ ከተማ ባለ ክብ ምንጭ ውስጥ ነው። በ2004 ዓ.ም. የበጋው ሙቀት ሳይገባ ሁላችንም አብረን ሄድን። ምንጩ ከላይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ወደ ታች እንደ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ውሃውም ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና እጅግ ጥርት ያለ በመሆኑ በውስጡ የሚዞሩት ወርቃማ ዓሦች አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ። ወይዘሮ ትርፌ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የመጥለቂያ ልብሳቸውን ለበሱ፤ በእግር መቅዘፍ ስለማይችሉም ጣቶቹ እንደ ዳክዬ እግር የተያያዙ ጓንቶች አጠለቁ። ክራንቾቻቸውን ለአቶ ስለሺ ሰጥተው ከጃኔት ጋር ወረዱ። አቶ ስለሺ ክራንቾቹን ታቅፈው ወደ ላይ የሚወጣውን አረፋ እያዩ ቆሙ። ሄራን ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረችና “ዳዲ፣ ኢዝ ሺ ኦኬ?” እያለች ደጋግማ ስትጠይቅ፣ “አረፋው እስካለ ድረስ እናትሽ አለች” ይሏት ነበር። እህቴ ሲወጡ ከንፈራቸው ከብርዱ የተነሣ ጠቁሮ ነበር። ከሥር በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትንንሽ የውሃ ሸርጣኖች እንዳሉ፣ አንዱም ጥፍሩን ዘርግቶ ሊዋጋቸው እንደሞከረ በኩራት ነገሩን። ጠልቆ ወዲያው ወደ ተራራ መውጣት ለጤና ስለማይፈቀድ እዚያው አድረን በማግስቱ ወደ ዴንቨር ተመለስን፤ መንገዱን ሙሉም ስለዚያ ሸርጣን ሰማን።

ከዚያ በኋላ ባሕሮች ተከተሉ። በካሪቢያን ባሕር ወደምትገኘው ወደ ቦኔር ደሴት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በዚያች ደሴት የመጥለቂያ ቦታዎች ስም በመንገድ ዳር በሚገኙ በቢጫ ቀለም በተቀቡ ድንጋዮች ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ጠላቂው መኪናውን አቁሞ ከዳር ይገባል። ኮራል የሚባለው፣ ድንጋይ መስሎ የሚታይ ነገር ግን ሕይወት ያለው የባሕር ፍጥረት፣ ከዳር ጥቂት እንደራቁ ይጀምርና ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በቀቀን ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ሲቆረጥም ድምፁ እንደ ቆሎ እንደሚሰማ፣ ቆርጥሞም በስተኋላው ነጭ አሸዋ አድርጎ እንደሚያወጣው፣ ቱሪስቱ የሚጋደምበት የባሕር ዳር ከፊሉ የዚህ ዓሣ ሥራ መሆኑን ሲተርኩልን እኛ የምንስቀውን ያህል እሳቸውም ይስቁ ነበር። የባሕር ፈረስም አዩ፤ በጭራው የኮራል ቅርንጫፍ ይዞ ማዕበሉ ሲገፋው የማይለቅ ትንሽ ፍጥረት ነው።

ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ግን ብዙ ሰው አጠገቡ አልፎት የሚሄደውን እንቁራሪት ዓሣ የሚባለውን ነው። ይህ ዓሣ እምብዛም አይዋኝም፤ አስቀያሚና ድብልብል ነው፤ በሁለት የጎን ክንፎቹ የባሕሩን ወለል እየረገጠ፣ እየተወላገደ ይራመዳል። አንድ አሜሪካዊ ጠላቂ ከውሃው ከወጡ በኋላ ያን ዓሣ “ፑር ቲንግ”፣ ምስኪን እንደማለት፣ ብሎ ሲያዝንለት ወይዘሮ ትርፌ ሰሙ። ያ ዓሣ ባለበት ተቀምጦ ከእሱ የሚፈጥነውን ዓሣ ሁሉ አፉን በከፈተ ቅጽበት እንደሚውጥ፣ ማንም ሊያዝንለት እንደማይገባ አስረዱት። ሰውዬው ስለ ዓሣው ብቻ የሚነገረው መስሎት ነበር።

በሌላ ደሴት ላይ ደግሞ ከጃኔት ጋር የሚጠልቁበት ክለብ የተከራየው የጀልባ ካፒቴን ክራንቻቸውን አይቶ እንደማያሳፍራቸው ተናገረ። ለራሳቸው ደኅንነት እንደሆነ፣ ባሕሩም በዚያ ቦታ በብርቱ እንደሚስብ፣ ዳር ላይ ጥላ ያለበት ወንበር እንደሚያዘጋጅላቸው ገለጸ። ወይዘሮ ትርፌ የምስክር ወረቀታቸውን አሳዩ፤ አልተቀበለም። በዚህ ጊዜ ወደ ጀልባው በሚያሻግረው ሳንቃ ላይ ተቀመጡ። ሳንቃው ሳይነሣ ጀልባው አይሄድም፤ እሳቸውን ሳያነሡም ሳንቃው አይነሣም። “እኔን ለማንሣት ከፈለግህ ልትነካኝ ነው። ልትነካኝ ከሆነ ደግሞ ወደ ጀልባው አቅጣጫ አድርገው” አሉት። ጃኔት ከጀልባው ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ የቀሩትም የክለቡ አባላት እየወረዱ ተቀመጡ። ፀሐይዋ በርትታ ሁሉም በመጥለቂያ ልብሳቸው ላብ በላብ እስኪሆኑ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሥቶ በእጁ ግቡ አላቸው። የዚያ ቀን ባሕር በእርግጥም ብርቱ ነበር፤ ወይዘሮ ትርፌም ክንዳቸው እስኪዝል ታግለዋል፤ ይህን አልደበቁም። ዳሩ ግን በዚያው ሞገድ ውስጥ ክንፋቸውን እንደ ጋቢ የዘረጉ፣ ጀርባቸው በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ንስር ዓሣ የሚባሉ ጠፍጣፋ ዓሦች በሰልፍ ሆነው ከበላያቸው አለፉ። ካፒቴኑ ይቅርታ አልጠየቀም። በማግስቱ ግን መሰላሉን ዝቅ አድርጎ አስሮ ጠበቃቸው።

በዴንቨር ዳውንታውን አቅራቢያ በሚገኘው የዓሣ ማሳያ ውስጥም በበጎ ፈቃደኝነት እየጠለቁ ከሻርኮችና ከታላላቅ ዓሦች መካከል መስታወቱን ያጸዱ ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሕፃናት ለጉብኝት በሄዱበት ቀን፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ሻርክ ጥርሱን አግጥጦ ባለፈበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት መስታወቱን በስፖንጅ ስትፈትግ አዩ። ኤልዳና የምትባል ትንሽ ልጅ፣ “ማሚ ሉክ፣ እትዬ ትርፌ ናት” አለች። እናቷ፣ እትዬ ትርፌ መራመድ እንደማይችሉ ነግራ ዝም ልታሰኛት ሞከረች። ኤልዳና ግን፣ “ሺ ኢዝ ኖት ዎኪንግ፣ እየበረረች ነው” ብላ መለሰች። ወይዘሮ ትርፌ ከወዲያ በኩል እጃቸውን አውለበለቡ። ከዚያ እሑድ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ከቅዳሴ ሲወጡ ዙሪያቸውን ከብበው ስለ ሻርክ ይጠይቋቸው ጀመር፤ ሻርክ ሰውን እያደነ የሚበላ አውሬ ሳይሆን ሰውን የሚሸሽ ፍጥረት መሆኑን፣ ጥርሱን ከምንፈራው ይልቅ ለክንፉ ሲባል መታረዱ ሊያሳስበን እንደሚገባ ያስተምሯቸው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር እናታችንን ለመጠየቅ ወደ ደብረ ዘይት ሄዱ። ከዚያም ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ፤ በዚያ ወራት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ ይመጣልና። ይህ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ የሚበልጥ፣ የአውቶቡስ ያህል ርዝመት ያለው፣ ነገር ግን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የባሕር ሕያዋንን እያጣራ የሚበላ የዋህ ፍጥረት ነው። ወደ ውሃው ላይ ስለሚወጣ ለእሱ የአየር ጠርሙስ አያስፈልግም፤ ማስክና የመተንፈሻ ቱቦ ይበቃል። ወይዘሮ ትርፌ በክንዳቸው እየቀዘፉ ከጎኑ ተሰለፉ፤ እሱ አፉን ከፍቶ በዝግታ እየሄደ፣ እሳቸው ከዓይኑ አጠገብ ሆነው፣ ጀልባው ከሩቅ እስኪሆን ድረስ አብረው ተጓዙ። ተመልሰው ለእናታችን በስልካቸው የተቀረጸውን ፊልም አሳዩአቸው። ጎረቤቶችም ተሰብስበው ነበርና አንዷ፣ ምስኪን፣ በዚህ እግሯ እንዴት ቻለችው ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እናታችን፣ ልጃቸውን ውሃ እንዳይገቡ ያስማሉት ሴት፣ ያን ጊዜ ዓይናቸው የደከመ አረጋዊት፣ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያም ለጎረቤታቸው፣ “በእግር አይደለም። አየሽ? እግር እዚያ ምንም አይሠራም” አሏት።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልጅነታቸው የያዛቸው ልምሻ ዳግም ጡንቻቸውን ያዳክም ጀመር፤ ይህ በሽታ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደሚመለስ ሐኪሞች ያውቁታል። መጀመሪያ ክንዳቸው፣ ቀጥሎም ለመተንፈስ የሚያግዙ የደረት ጡንቻዎች ደከሙ። ሐኪማቸው ከእንግዲህ መጥለቅ እንደማይችሉ ነገራቸው። ወይዘሮ ትርፌ በሕይወታቸው ብዙ ክልከላ የጣሱ ቢሆኑም ይህኛውን አልጣሱም፤ በውሃ ውስጥ አየርን የሚንቅ ሰው ጓደኛውንም ይዞ እንደሚሞት ያውቁ ነበርና። ይሁን እንጂ ቤት አልተቀመጡም። በዊልቸር እየሄዱ በአውሮራው ገንዳ ዳር ሆነው የጃኔትን ተማሪዎች ያስተምሩ ጀመር። በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች የተጎዳውን፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከአፓርታማው መውጣት የጠላውን የማኅበረሰባችንን ልጅ ተገኝን ግሌንዴል ድረስ ሄደው ያመጡት እሳቸው ናቸው። አልመጣም ሲላቸው በሩ ፊት ዊልቸራቸውን አቁመው እስኪከፍት ጠበቁ። ተገኝ ዛሬ እዚህ አለ፤ ባለፈው ዓመት በቦኔር ባሕር ጠልቋል።

የመጨረሻው ተማሪያቸው ባለቤታቸው ናቸው። አቶ ስለሺ እህቴ መጥለቅ ባቆሙ በወሩ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ አምስት አልፎ፣ ከፕላስቲኩ ወንበር ተነሥተው ወደ ገንዳው ገቡ። ለምን አሁን ብዬ ስጠይቃቸው፣ “ያየችውን ሳላይ ብቻዋን አልተዋትም” አሉኝ። በጣም ፈሪ ተማሪ ነበሩ፤ ማስካቸውን በውሃ ውስጥ ማውለቅ ለመልመድ ወራት ፈጀባቸው፤ ወይዘሮ ትርፌም ለባላቸው ብለው ፈተናውን አላቀለሉላቸውም። ባለፈው መስከረም ሳንታ ሮዛ ሄደን አቶ ስለሺ ከጃኔት ጋር ሲወርዱ እህቴ ኦክስጅናቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከድንጋዩ ጠርዝ በዊልቸር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አቶ ስለሺ ወጥተው ዓሦቹን እንዳዩ ሲነግሯቸው፣ እህቴ ስንት ዓይነት እንደሆኑ፣ ሸርጣኖቹንም አይተው እንደሆነ ጠየቋቸው። ሸርጣኖቹን አላዩም ነበርና ተመልሰው እንዲወርዱ አዘዟቸው። ወረዱ።

ሕመማቸው ከበረታ በኋላ በማሽን እየተነፈሱ በሆስፒታል እንዲቆዩ ሐሳብ ቢቀርብም፣ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ተመካክረው፣ ቆርበውም፣ ቤታቸው መሆንን መረጡ። በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው፣ አውሮራ በሚገኘው ቤታቸው፣ ሄራን እጃቸውን ይዛ ሳለች ዐረፉ።

ወይዘሮ ትርፌ ባለቤታቸውን አቶ ስለሺ መንገሻን፣ ልጃቸውን ሄራን ስለሺን፣ በደብረ ዘይት ያሉትን እናታቸውን ወይዘሮ አስካለ በየነን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ የወንድምና የአጎት ልጆችን፣ ወዳጃቸውን ጃኔትን፣ ከእሳቸው ተምረው ባሕር የገቡትን ሁሉ ትተውልን ሄደዋል። በመጨረሻው ሳምንታቸው ያዘዙትን አንድ ትእዛዝ ለሁላችሁ እንዳሰማ ግዴታ አለብኝ፦ የቅዳሜው የገንዳ ትምህርት በእሳቸው ሞት ምክንያት አንድም ሳምንት እንዳይቋረጥ። አርባዋ ሳይወጣ ምን መዋኘት ነው የሚል ቢኖር፣ ቅሬታውን ለእኔ ያቅርብ፤ እዚያው ገንዳው ዳር እቀበለዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ስለሺና ተገኝ ውሃው ውስጥ ይሆናሉ፤ ሦስት አዲስ ተማሪዎችም ተመዝግበዋል።

ጥልቁን ከነሕያዋኑ የፈጠረ፣ የደካማውንም የብርቱውንም እስትንፋስ በእጁ የያዘ አምላካችን የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር በብርሃን ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።